ጃያንት ስኩዊድ ወይስ ኮሎሳል? አጂፕ ላይ የተጀመረ ውርርድ፣ ዳኛ እንፈልጋለን

ፎቶኮፒ_አጂፕ | ዓርብ ከምሽቱ 1፡50

ሰላም ጅማዎች። ጉዳዩ የሥራ ነው፣ ግን ማኪያቶም አለበት።

ዛሬ ከሰዓት አንዲት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ሱቄ መጣች። ለሰኞ የሳይንስ ክፍል የምታቀርበው ነገር አለ። ርዕሱ ጥልቅ ባሕር ውስጥ የሚኖሩ ትልልቅ ስኩዊዶችን (ለስላሳ ገላና ብዙ እጅ ያላቸው የባሕር እንስሳት ናቸው) ማወዳደር ነው። «ጋሼ፣ ፎቶ አውርድልኝና በከለር አትምልኝ፣ ጽሑፉን ራሴ እጽፋለሁ» አለችኝ። ፈለግኩ፣ አገኘሁ፣ ቆንጆ አድርጌ በከለር አተምኩ። ነገ እወስዳለሁ ብላ ሄደች።

ጎረቤቴ ያለው የሒሳብ ሠራተኛ ጓደኛዬ ቡና ይዞ ገባና ወረቀቱን አየ። ሳቀ። «ይሄ ኦክቶፐስ ነው፣ እጁን ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። ስምንት። ስኩዊድ አሥር ነው ያለው አለ። እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ፣ አልካድኩም።

ከዚያ ግን «የሁሉም ትልቁ የቱ ነው» ወደሚለው ተሻገርን። እኔ ጃያንት ስኩዊድ ነው፣ 13 ሜትር ይደርሳል አልኩ። እሱ ኮሎሳል የሚባለው ነው አለ። የአንድ ሳምንት ማኪያቶ ተወራረድን። ጎግል ልናደርግ ስንል መብራት ሄደ፣ ዋይፋዩም አብሮ ሄደ። አሁን በካርድ ነው የምጽፈው። የሚያውቅ ይፍረድ።

የቦሳ_ልጅ | ዓርብ 2፡05

ኧረ ቪዲዮ አለ! አንዱ ስኩዊድ መርከብ አቅፎ ወደ ታች ሲጎትት። ቴሌግራም ላይ ሁሉም ሰው አለው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ።

መምህር_ባዮ | ዓርብ 2፡31

የቦሳ ልጅ፣ ያ ቪዲዮ በኮምፒውተር የተሠራ ነው። ደግመህ እየው፣ ሁለት ቦታ ላይ እጁ በመርከቡ ብረት ውስጥ ያልፋል። ፀሐይ ላይ ወጥቶ የታየ ጃያንት ስኩዊድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሞተ ወይ እያጣጣረ ያለ ነው። እንኳን መርከብ ሊጎትት ራሱንም መሸከም አቅቶታል።

ወደ ውርርዱ ልመለስ። መጀመሪያ «ትልቅ» ስትሉ ምን ማለታችሁ እንደሆነ ተነጋግራችኋል? መሬት ስትገዛ በካሬ ነው፣ ቡና ስትገዛ በኪሎ ነው።

በርዝመት ከሄድን ጃያንቱ ያሸንፋል። ሳይንሳዊ ስሙ አርኪቱቲስ ነው፣ ስሙን እ.ኤ.አ. በ1857 ያወጣለት ስቴንስትሩፕ የሚባል የዴንማርክ ሳይንቲስት ነው። ትልልቆቹ ሴቶች 12 እና 13 ሜትር ይደርሳሉ። ወንዱ አጠር ይላል። ግን ልብ በሉ፣ ከዚህ ውስጥ ዋናው ገላ ከ2 ሜትር ብዙ አይዘልም። የቀረው ርዝመት እጅ ነው፣ በተለይ ሁለቱ ረጃጅም መያዣዎች። ድሮ 18 ሜትር፣ 20 ሜትር እያሉ የጻፉም ነበሩ። ሬሳ ሲገኝ እነዚህ ሁለት እጆች እንደ ላስቲክ ይለጠጣሉ፣ ጫፍና ጫፍ ይዞ ለሚለካ ሰው ደግሞ ደስ ይላል። ክብደቱ ትልቅ የተባለው 275 ኪሎ አካባቢ ነው።

በኪሎ ከሄድን ግን ኮሎሳሉ ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 2007 ሳን አስፓይሪንግ የምትባል የኒውዚላንድ ዓሣ አጥማጅ መርከብ አንታርክቲካ አጠገብ ሮስ ባሕር ላይ የቱዝፊሽ (የቀዝቃዛ ባሕር ትልቅ ዓሣ ነው) መንጠቆ እየጎተተች ነበር። መንጠቆው ላይ ዓሣ አለ። ዓሣውን ይዞ አልለቅም ያለ ስኩዊድም አብሮ ወጣ። 495 ኪሎ መዘነ። አምስት ኩንታል ሊሞላ አምስት ኪሎ ጎደለው ማለት ነው። በእኛ አገር ስምንት ጆንያ ኤክስፖርት ቡና ነው። ባዶ ባጃጅ እንኳ ይሄን አይመዝንም።

እዚህ ላይ የሚገርመው ርዝመቱ ነው። ሲያዝ 10 ሜትር ተብሎ ተገምቶ ነበር። በረዶው ቀልጦ በ2008 ሲለካ 4.2 ሜትር ሆነ። ሬሳ ይኮማተራል፣ እጆቹም አጫጭር ናቸው። አሁን ዌሊንግተን ከተማ ቴ ፓፓ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

ስለዚህ ማኪያቶውን ማን ይክፈል የሚለውን እኔ አልፈርድም። ሁለታችሁም ገበያ የወጣችሁት ሚዛን ሳትይዙ ነው።

ፎቶኮፒ_አጂፕ | ዓርብ 2፡40

መምህር፣ ይሄ ፍርድ ሳይሆን ቀጠሮ መስጠት ነው 😄

የግቤ_መረብ | ዓርብ 3፡12

እኔ ጊልገል ጊቤ ሐይቅ ላይ ቆሮሶ የማወጣ ሰው ነኝ። ከማን ይበልጣል የሚለው ለእናንተ ይሁን። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ያ ሁሉ ውሃ ከላይ ተጭኖት እንዴት አይጨፈለቅም? ቆሮሶ ከጥልቅ ቶሎ ከጎተትከው ሆዱ ይነፋል። እኛ ግድብ ጋ ቁመቱ 40 ሜትር ነው። እነዚህ የስንት ሜትር ናቸው?

መምህር_ባዮ | ዓርብ 3፡40

የግቤ መረብ፣ ጥያቄህ ከውርርዱ በልጧል።

ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ አየር ግፊት (ባሕር ዳር ላይ አየሩ የሚጫነንን ያህል) ይጨመራል። 40 ሜትር ላይ አራት ነው። ጃያንቱ በብዛት የሚገኘው ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ነው፣ እዚያ ታች መቶ ይደርሳል። እንዲገባን እንዲህ አስቡት። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ነው ያለችው። አሁን የዚያን ከፍታ ከግማሽ በላዩን ገልብጣችሁ ወደ ታች አስቡ። ከአጂፕ ወደ ባሕር ከግማሽ መንገድ በላይ የወረዳችሁ ያህል፣ ግን በውሃ የተሞላ፣ ብርሃን የሌለበት።

የቆሮሶ ሆድ የሚነፋው ውስጡ የአየር ከረጢት ስላለ ነው። ግፊት የሚጨፈልቀው አየር ነው። ስኩዊድ ውስጥ አየር የለም። ገላው ውሃ ነው፣ ውሃ ደግሞ በቀላሉ አይጨመቅም። በውጭም በውስጥም ግፊቱ እኩል ስለሆነ ምንም አይሰማውም።

ታዲያ የአየር ከረጢት ከሌለው ለምን አይሰጥምም? ይሄ ነው ጥበቡ። ሥጋው ውስጥ የአሞኒየም ጨው አለ፣ ከባሕር ውሃ የሚቀል ፈሳሽ። ጃያንቱ በጡንቻው ውስጥ ረጭቶ ነው የሚይዘው። ኮሎሳሉ ደግሞ የመስታወት ስኩዊዶች ከሚባሉት ቤተሰብ ስለሆነ ሆዱ ውስጥ እንደ ትልቅ እንስራ ያለ ክፍል አለው፣ ፈሳሹ እዚያ ይቀመጣል። ሳይዋኝ ይንሳፈፋል። ጉልበት አያወጣም።

የቦሳ_ልጅ | ዓርብ 3፡44

ይበላል ግን? 😂 አምስት ኩንታል ሥጋ እኮ ነው።

ነጭ_ጋውን | ዓርብ 3፡51

አሞኒያ ነው እያለህ። የሆስፒታል መጸዳጃ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? በቃ ያ ሽታ በሥጋ መልክ።

የድሮ_መርከበኛ | ዓርብ 4፡20

ልጆች፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። እኔ በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ ምፅዋም አሰብም ኖሬያለሁ። አሁን ጡረታ ወጥቼ እዚህ ኪቶ ፉርዲሳ በኩል ንብ አነባለሁ።

ስኩዊድ እኛ ካላማሪ ነበር የምንለው፣ ከጣልያኖቹ የቀረ ስም ነው። ሌሊት መልሕቅ ጥለን ስንቆም ፋኖስ ወደ ውሃው ዝቅ እናደርጋለን። መጀመሪያ ትንንሽ ዓሣ ይሰበሰባል። ትንሽ ቆይቶ ካላማሪው ከጨለማው ጫፍ ይመጣል። ብርሃኑ ውስጥ አይገባም። ዳር ላይ ቆሞ ያያል። እንደ ክንድ የሚሆን ነው ርዝመቱ። ከዚያ ባንዴ ይወረወራል፣ ዓሣውን ይዞ ወደኋላው ይሄዳል። ወደኋላ ነው የሚዋኘው፣ ውሃ ተፍቶ። አንዴ መርከቡ ላይ አውጥተን በነጭ ቱታዬ ላይ ቀለሙን ለቀቀብኝ። በረኪና ብንል ኦሞ ብንል አልለቀቀም።

ግዙፉን አላየሁም። ብዙ ሰው «ቀይ ባሕር ላይ ጭራቅ አይታችኋል ወይ» ይለኛል። ቀይ ባሕር እኮ እስከ ወለሉ ድረስ ሙቅ ነው፣ ታችም 21 ዲግሪ ነው። እናንተ የምታወሩት የቀዝቃዛ ውሃ ሰዎች ናቸው።

ፎቶኮፒ_አጂፕ | ዓርብ 4፡26

ጋሼ እናመሰግናለን፣ ማሩንም አይርሱን 🙏

ማየት_ማመን | ቅዳሜ ጠዋት 2፡15

ሁሉንም አነበብኩ። አንድ ነገር ልጠይቅ። ሰው እነዚህን በአካል አይቷቸዋል ወይስ ሬሳ ለክቶ ነው ቀሪውን የሚያወራው? ሬሳ አይቶ ኑሮውን መተረክ ለቅሶ ቤት ያለ ወግ ነው።

መምህር_ባዮ | ቅዳሜ 3፡02

ጥሩ ነው፣ እንደ አንተ ዓይነት ሰው ክፍል ውስጥ ቢኖረኝ ደስ ይለኛል። ከልቤ ነው።

ለረጅም ጊዜ ያልከው ትክክል ነበር። ጃያንቱ በሕይወት እያለ በተፈጥሮ ቦታው ፎቶ የተነሳው መስከረም 30 ቀን 2004 እ.ኤ.አ. ነው። ኩቦዴራ እና ሞሪ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን ኦጋሳዋራ ደሴቶች አጠገብ ካሜራና ማጥመጃ በገመድ ወደ 900 ሜትር አወረዱ። መጣ። በሁለቱ ረጃጅም እጆቹ ማጥመጃውን ያዘ፣ አንዱ እጁ መንጠቆው ላይ ተሰካ። ከአራት ሰዓት በላይ ታገለ። በመጨረሻ እጁ ተቆርጦ ቀረ፣ እሱ ሄደ። መርከብ ላይ የወጣው ቁራጭ 5.5 ሜትር ነበር፣ መምጠጫዎቹም ሲነኩት ገና ይጣበቁ ነበር።

እስከዚያ ድረስ ብዙዎቹ «ይሄ እንስሳ ዝም ብሎ የሚንሳፈፍ ሰነፍ ነው» ይሉ ነበር። ፎቶዎቹ ላይ ግን ገስግሶ ያጠቃል።

ቪዲዮው የመጣው በ2012 ነው፣ ሰው ያለበት ትንሽ ባሕር ሰርጓጅ ይዘው እዚያው ጃፓን። ኤዲት ዊደር የምትባል አሜሪካዊት የተጠቀመችበት ዘዴ ነው የሚገርመኝ። ጥልቅ ባሕር ያለ ጄሊፊሽ ሲጠቃ ሰማያዊ ብርሃን እያሽከረከረ ይጮሃል እንበል፣ «ድረሱልኝ፣ የሚበላኝን የሚበላ ይምጣ» እንደማለት። እሷ ያን ብርሃን በኤሌክትሮኒክስ ሠራችና አወረደች። ሰምቶ መጣ። በ2019 ደግሞ ያንኑ ዘዴ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ደገመችው፣ 759 ሜትር ላይ፣ እንደገና መጣ። ነጭ መብራት የያዘ ሁሉ ለዓመታት ሲያባርራቸው ኖሯል።

ኮሎሳሉ ደግሞ የባሰ ነው። ስሙ የወጣለት በ1925 ነው፣ ከዓሣ ነባሪ ሆድ ከተገኘ የእጅ ቁራጭ። በቤቱ በሕይወት ተቀርጾ የታየው መጋቢት 9 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው። መቶ ዓመት። ያውም ሕፃን፣ 30 ሴንቲ የሚሆን፣ ደቡብ ሳንድዊች ደሴቶች አጠገብ 600 ሜትር ላይ። ገላው እንደ መስታወት በውስጡ ያሳያል።

ማየት_ማመን | ቅዳሜ 3፡10

ታዲያ በዚያ መቶ ዓመት እንዴት አለ አሉ?

መምህር_ባዮ | ቅዳሜ 3፡18

በር ላይ ያለውን ጫማ አይተህ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ አታውቅም? ስፐርም ዌል የሚባለው ዓሣ ነባሪ ስኩዊድ ይበላል። ሥጋው ይፈጫል፣ ምንቃሩ ግን አይፈጭም። ስኩዊድ እንደ በቀቀን ያለ ጠንካራ ምንቃር አለው። ዓሣ ነባሪዎች ሲታረዱ ሆዳቸው ውስጥ ምንቃር በምንቃር ሆኖ ይገኝ ነበር። በምንቃሩ መጠን የባለቤቱን መጠን መገመት ይቻላል።

የሊሙ_ዝባድ | ቅዳሜ 4፡05

መምህር፣ ስለ ምንቃሩ ካነሳህ እኔም አለኝ። አባቴ ሊሙ ጥርኝ ያረቡ ነበር። ጥርኙን ገንፎና ሥጋ እያበሉ፣ ዝባዱን በማንኪያ ዛቅ አድርገው በበሬ ቀንድ ያሽጉታል። ልጅ ሆኜ ያን ሽታ አልወደውም ነበር፣ ጥሬው ያፍናል። ገዢው ሲመጣ ግን ሽቶ የሚሠሩት ፈረንጆች ጠብታ ብቻ ነው የሚጨምሩት፣ ሽታው እንዳይበን ያስቀምጥላቸዋል ይለን ነበር።

ያ ሰውዬ ነው አንድ ቀን «የባሕሩም ዝባድ አለ» ያለን። ዐረቦቹ ዐንበር ይሉታል። የስኩዊዱ ምንቃር የዓሣ ነባሪውን አንጀት ሲወጋው እንደ ሰም ያለ ነገር ይሠራበታል። ያ ነገር ዓመት ሙሉ ባሕር ላይ ሲንሳፈፍ ቆይቶ ዳርቻ ይወጣል። እሱም ለሽቶ ነው። ጥቂት ዓሣ ነባሪ ብቻ ነው የሚኖረው፣ ለዚያ ነው ውድ የሆነው።

እንግዲህ የጅማ ጥርኝና የባሕር ስኩዊድ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ተገናኝተዋል። ገለቶማ።

የቦሳ_ልጅ | ቅዳሜ 4፡09

ወላሂ ይሄን ልጥፍ ሼር አደርገዋለሁ።

ነጭ_ጋውን | ቅዳሜ 6፡30

እኔ ደግሞ የምናዘዘው አለኝ። ሜዲስን ሁለተኛ ዓመት ፊዚዮሎጂ ስንማር «ስኩዊድ ጃያንት አክሰን» የሚባል የነርቭ ክር አለ። የነርቭ ምልክት እንዴት እንደሚሄድ ያወቅነው በእሱ ነው። ሆጅኪንና ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1952 አወጡት፣ በ1963 ኖቤል ተሸለሙበት። እኔ ዓመት ሙሉ እነዚህ ሰዎች ጃያንት ስኩዊድ አጥምደው ነርቩን ያወጡ መስሎኝ ነበር። እንግሊዝ ዳርቻ ላይ 13 ሜትር አውሬ ሲጎትቱ በሐሳቤ አያለሁ። ፈተና ላይም እንደዚያ ብዬ ጻፍኩ። መምህሬ በቀይ ከበበውና ጎኑ «?» አደረገበት።

ግዙፉ ነርቩ ነው እንጂ ስኩዊዱ አይደለም። ስኩዊዱ ተራ ነው፣ ጋሼ መርከበኛው በፋኖስ የጠሩት ዓይነት መጠን ያለው። የነርቩ ክር ውፍረት ግን እስከ 1 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፣ በዓይን ይታያል። የእኛ ወፍራም የተባለው ከዚያ ሃምሳ እጥፍ ይቀጥናል። የእኛ ነርቭ ማይሊን በሚባል ስብ ስለተጠቀለለ ቀጥኖም ይፈጥናል። ስኩዊድ መጠቅለያው የለውም፣ ስለዚህ ቱቦውን አሰፋ። ለምን ፍጥነት ፈለገ? ለማምለጥ። ጋሼ «ባንዴ ይወረወራል» ያሉት እኮ እሱ ነው፣ ትእዛዙ በዚያ ክር ነው የሚሄደው።

ሌላም ልጨምር፣ ምሳ ላይ ያላችሁ ዝለሉት። ልቡ ሦስት ነው። ሁለቱ ደምን ወደ ስንጥቡ ይገፋሉ፣ አንዱ ወደ ቀረው ገላ። ደሙ በብረት ፋንታ መዳብ ስላለው ሰማያዊ ነው። አንጎሉ ደግሞ እንደ ቦምቦሊኖ መሃሉ ቀዳዳ ነው፣ ጉሮሮው በዚያ ቀዳዳ ያልፋል። የዋጠው ሁሉ በአንጎሉ መሃል ነው የሚያልፈው። ትልቅ ጉርሻ ለሱ ቀልድ አይደለም። ምንቃሩ በደቃቁ የሚከትፈው ለዚያ ነው።

የድሮ_መርከበኛ | ቅዳሜ 6፡55

ዶክተር፣ እኔ 40 ዓመት ሙሉ ያ ካላማሪ እንዴት እንደዚያ እንደሚፈጥን ሳስብ ነበር። ተባረክ።

የግቤ_መረብ | ቅዳሜ 7፡20

አምስት ኩንታል የሚመዝን እንስሳ በቀን ስንት ይበላል? በሬ እንኳ ቀኑን ሙሉ ሲያመነዥክ ይውላል።

መምህር_ባዮ | ቅዳሜ 8፡10

ይሄን ስትሰማ አታምነኝም። በ2010 የወጣ ስሌት አለ። 500 ኪሎ ኮሎሳል በ1.5 ዲግሪ ውሃ ውስጥ በቀን የሚያስፈልገው 30 ግራም ገደማ ነው። 30 ግራም! አንድ እፍኝ ቆሎ ነው። አንድ 5 ኪሎ ቱዝፊሽ ከበላ ለመንፈቅ ይበቃዋል። በአንተ ቆሮሶ ብናሰላው፣ 200 ግራም የምትመዝነው አንዷ ሳምንት ታቆየዋለች።

ታማኝ ልሁን፣ ቁጥሩ የመጣው ከትንንሽ ዘመዶቹ ተለክቶ ወደ እሱ መጠን ከፍ ተደርጎ ነው። እሱን ራሱን ማን ይይዘዋል። ግን አኗኗሩ ላይ ካየነው ጋር ይገጥማል። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ገላው ያለ ጉልበት ይንሳፈፋል፣ አያሳድድም። ይጠብቃል። የሚጠብቀው ባዶ እጁን አይደለም ታዲያ። ክንዶቹ ላይ መንጠቆ አለ። ረጃጅሞቹ እጆቹ ጫፍ ላይ ያሉት መንጠቆዎች ደግሞ ዙሪያውን ይሽከረከራሉ። የያዘው ዓሣ በተገላበጠ ቁጥር መንጠቆው አብሮት ይዞራል እንጂ አይነቀልም። ጃያንቱ መንጠቆ የለውም። የሱ መምጠጫዎች ጠርዛቸው እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ቀለበት ነው፣ በዓሣ ነባሪ ቆዳ ላይ ክብ ጠባሳ የሚተወው እሱ ነው።

የእነዚህን ተቃራኒ ማየት ከፈለግክ ሐምቦልት የሚባለውን ስኩዊድ እይ፣ ከፔሩ እስከ ሜክሲኮ ያለው። 50 ኪሎ ይደርሳል፣ ዕድሜው ግን አንድ ሁለት ዓመት ነው። ይበላል፣ ያድጋል፣ ይሮጣል፣ በመንጋ ያድናል፣ ወንድሙም ከቆሰለ ይበላዋል። ቀን ቀን ኦክስጅን በጣም ወዳነሰበት ጥልቀት ይወርድና ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ይቆያል። ማታ ይወጣል። አንዱ እንደ ሚኒባስ ሹፌር ነው፣ አንዱ እንደ ባለ ርስት።

የግቤ_መረብ | ቅዳሜ 8፡22

በሳምንት አንድ ቆሮሶ። ለኛ ቤት እንዲህ ያለ እንግዳ ላክልን።

ሒሳብ_ሹም | ቅዳሜ 9፡00

ስሜ ሲነሳ ሰምቼ ነው የመጣሁት። እኔ ነኝ ተወራራጁ። ያልኩት ቃል «ኮሎሳሉ ይከብዳል» ነው። ምስክር አለኝ፣ ቡና ያመጣችው ልጅ ነበረች።

ፎቶኮፒ_አጂፕ | ቅዳሜ 9፡03

ውሸት! «ይበልጣል» ነው ያልከው።

የቦሳ_ልጅ | ቅዳሜ 9፡05

ሌሎቹስ? ሁለቱ ብቻ ናቸው እንዴ ያሉት? ልጅቷ ማወዳደር አይደል የታዘዘችው።

መምህር_ባዮ | ቅዳሜ 9፡48

አሉ። ሁለት ብቻ ልጥራ፣ ፈተና እያረምኩ ነው።

ታኒንጊያ የሚባል አለ፣ እስከ 160 ኪሎ ተመዝኗል። ሲያድግ ሁለቱን ረጃጅም እጆች ያጣቸዋል፣ ስምንት ይቀራል። (ስለዚህ ፎቶኮፒ፣ እጅ መቁጠር ሁልጊዜ አያዋጣም።) የሁለት ክንዶቹ ጫፍ ላይ ሎሚ የሚያህል ብርሃን ሰጪ አካል አለው። ጃፓኖቹ በ2005 ቀርጸውታል፣ ሊያጠቃ ሲል ቦግ ያደርገዋል፣ እንደ ፎቶ ፍላሽ።

ሁለተኛው ማግናፒና ነው። እሱን ማታ አትዩት። በ2007 አንድ የነዳጅ ቁፋሮ ካሜራ 2,386 ሜትር ላይ አገኘው፣ እጆቹ ከክርን እንደታጠፈ ክንድ ወደ ጎን ወጥተው ከዚያ እንደ ድር ክር ወደ ታች ይንጠለጠላሉ። ዝም ብሎ ቆሟል። ከ6,000 ሜትር በታችም ታይቷል።

እኔ ግን ለልጅቷ አንድ ነገር ብቻ ምረጪ ብባል ዓይኑን ነው የምመርጥላት። የሁለቱም ግዙፎች ዓይን 27 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የእግር ኳስ 22 ነው። ብሉ ዌል በዓለም ትልቁ እንስሳ ሆኖ ዓይኑ 11 ሴንቲ ነው። አሁን ጠይቁ፣ ብርሃን በሌለበት ቦታ ይሄን የሚያህል ዓይን ለምን?

በ2012 የወጣ ጥናት እንዲህ ብሎ አሰላው። ትንሽ ዓሣ ለማየት ይሄን ያህል አያስፈልግም፣ ትርፉ ወጪውን አይሸፍንም። የሚያስፈልገው ትልቅ ነገር ከሩቅ ለማየት ነው። ስፐርም ዌል ወደ ታች ሲጠልቅ በመንገዱ ያሉ ደቃቅ ፍጥረታት ሲነኩ ያበራሉ። ስለዚህ በብርሃን የተከበበ ትልቅ ጥላ ሆኖ ይመጣል። ያን ዓይን የያዘ ስኩዊድ ከ120 ሜትር በላይ ርቀት ላይ ያየዋል። ዓሣ ነባሪው በድምፅ ነው የሚፈልገው፣ ብርሃን አያስፈልገውም። ስኩዊዱ ግን በዚያች ርቀት ላይ ለመሸሽ ጊዜ ያገኛል።

ማለት፣ ያ ዓይን ምግቡን የሚፈልግበት ሳይሆን ሊበላው የሚመጣውን የሚጠብቅበት ነው።

ማየት_ማመን | ቅዳሜ 10፡15

እሺ። በዚህ አምኛለሁ።

የድሮ_መርከበኛ | ቅዳሜ ከምሽቱ 1፡30

ብርሃኑን አይቻለሁ። ቀይ ባሕር ላይ ጨረቃ በሌለበት ሌሊት ጀልባዋ የምትሄድበት ውሃ ያበራል፣ እጅህን ብትነክርም ጣቶችህ ያበራሉ። ዶልፊን ከታች ሲመጣ ዶልፊኑን ሳይሆን ብርሃኑን ነው መጀመሪያ የምታየው። መምህር ያለው ልክ ነው።

ውርርዱንም ልፍታው። ሁለታችሁም ቃላችሁን ሳትለዩ ስለተወራረዳችሁ ማኪያቶውን ለሦስት ቀን አንዱ፣ ለሦስት ቀን አንዱ ይክፈል። ሰባተኛውን ቀን ቡና ላመጣችው ልጅ ጋብዟት፣ ምስክር ሆና ቆማለች።

ሒሳብ_ሹም | ቅዳሜ 1፡41

ጋሼ ካሉ እሺ።

ፎቶኮፒ_አጂፕ | ሰኞ ጠዋት 3፡20

ዳኝነቱን ተቀብያለሁ። ትናንት የመጀመሪያውን ማኪያቶ ከፈልኩ።

ልጅቷ ቅዳሜ ማታ ልትወስድ መጣች። ስህተቴን ነገርኳት፣ ከዚያ ይሄን ሁሉ ከስልኬ አነበብኩላት። ዝባዱ ላይ ሳቀች፣ አንጎሉ ላይ «እ!» አለች። ዓይኑ ጋ ስንደርስ ቆመች። «27 ሴንቲ በትክክል አትምልኝ» አለችኝ። የኔ ማሽን ኤ4 ነው የሚያትመው፣ ወርዱ 21 ሴንቲ ነው። አልገባም። ሁለት ወረቀት ልጠፍ አልኳት፣ መሃሉ ላይ ስፌት ይታያል ብላ እምቢ አለች።

መጨረሻ ላይ ግድግዳዬ ላይ የነበረውን የአምና ካላንደር አወረድን። ጀርባው ነጭ ነው። ክር ለክተን፣ 13 ሴንቲ ተኩል፣ አንዱን ጫፍ በእስኪርብቶ አሰርን፣ ሌላውን በአውራ ጣቴ ያዝኩ። እሷ አዞረች። በመቀስ ቆረጠችው። መሃሉን በጥቁር ማርከር ስትቀባ ማርከሬ አለቀ።

ሲደርቅ አነሳችና ፊቷ ላይ ያዘችው። ከጠረጴዛው ማዶ ጆሮዋ እንኳ አልታየኝም።

ዛሬ ጠዋት እሱን ብቻ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ኦክቶፐሱ አሁንም እኔ ጋ ነው። በከለር ነው የታተመው፣ የሚፈልግ በነፃ ይውሰድ።